አዋላጇ አትጠገብ እና የየደጃፉ ዱባ

ተረት ተረት። «የመሠረት» ብሎ የሚቀበለኝ ካለ ይጠጋ። የሚያንቀላፋም ካለ ጎረቤቱ ይጎሽመው፤ ይህ ተረት ግማሹን ብቻ ለሰማ ሰው አይሆንም።

ድሮ ድሮ፣ ወንዞች ገና መንገዳቸውን ሰው እየጠየቁ በሚወርዱበት ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ሥር አንድ አገር ነበር። በዚያ አገር ሦስት አዋላጆች ነበሩ። አንደኛዋ እሜቴ ብርቄ ናቸው፤ ወፍራም ናቸው፤ ሲናገሩ ያዛሉ። ሁለተኛዋ እሜቴ ሽታዬ ናቸው፤ ቀጭን ናቸው፤ ሲናገሩ ያስፈራራሉ። ሦስተኛዋ አትጠገብ ናት። አትጠገብ ስትናገር መሬት መሬቱን ታያለች። አባቷ የቅኔ መምህር ስለነበሩ ፊደል ቆጥራ፣ ዳዊት ደግማለች። ግን ዓይነ አፋር ከመሆኗ የተነሣ የገዛ ቤቷ ደጃፍ ቆማ «ቤቶች» ብላ ሳትጣራ አትገባም ነበር ይባላል።

ልጆች፣ መውለድ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ልጁ ይወለዳል። ከዚያ ልጁ በሆድ ሳለ ሲመገብበት የኖረው እንግዴ ልጅ ይወጣል። ልጁ ወጥቶ እንግዴ ልጁ ከቀረ እናቲቱ ደሟ ፈስሶ ትሞታለች። ስለዚህ በዚያ አገር እልልታው ለልጁ፣ ጭንቁ ለእንግዴ ልጁ ነበር።

እንግዴ ልጅ ሲዘገይ ምን እንደሚደረግ ሦስቱም አዋላጆች የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። አንዷ ለሌላዋ ግን አትናገርም። ውኃ ሲቀዱ ቢገናኙ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ለቅሶ ላይ ቢገናኙ ስለ ሟቹ ያወራሉ። ስለ ሥራቸው የጠየቀ ሰው ካለ ሦስቱም በአንድ ድምፅ «ሙያ በልብ ነው» ብለው ነጠላቸውን ያጣፋሉ። ሙያው በልብ እንዳለ ስንት እናት ሞተች።

አሁን ወደ ዱባው ልምጣ።

በዚያ አገር ልማድ እንግዴ ልጁን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ከደጃፉ አጠገብ የምትቀብረው አዋላጇ ናት። እሜቴ ብርቄ የቀበሩበት ምንም አይበቅልም። እሜቴ ሽታዬ የቀበሩበት አልፎ አልፎ እሾህ ይበቅላል። አትጠገብ የቀበረችበት ግን ክረምት ሲገባ ዱባ ይበቅላል። ሐረጉ አጥሩን ይወጣል፣ ጣራውን ያለብሳል፣ የጎረቤት በር ድረስ ሄዶ ያንኳኳል።

ሰዉ ይህን አይቶ በረከት ነው አለ። ዱባው የልጁ መንታ ነው ተባለ። ሙግት ላይ የቆመ ሰው «ዱባዬን!» ብሎ መማል ጀመረ። ሽማግሌዎች ልጅ ለማጨት ሲሄዱ መጀመሪያ ጓሮውን ዞረው ዱባውን ያያሉ። አንዲት መልከ መልካም ልጅ «እሷስ ደህና ናት፤ ዱባዋ ግን ደረቀ» ተብላ ሳትዳር ቀርታለች። ይህ ሁሉ ለአትጠገብ ሲነገራት ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሰዉም «አቤት ትሕትና» ይላል።

ትሕትና አልነበረም። ኀፍረት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አትጠገብ ገና ልጅ ሳለች ታላቅ እህቷ ወለደች። እንግዴ ልጁ ዘገየ። ያዋለደቻት ሴት ቸኩላ እትብቱን ይዛ ሳበች። ሳበችና እህቷ ሞተች። አትጠገብ ሰው ፊት ማልቀስ ስላፈረች ወደ ገደሉ ወርዳ አንድ ዋሻ ገባች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

ከዋሻው ጥግ አንድ ድምፅ መጣ።

«ማልቀስ ከፈለግሽ ውጪ አልቅሺ። እኔ እዚህ ምጥ ላይ ነኝ።»

ጅቢት ነበረች። አትጠገብ መሸሽ ፈለገች፤ ግን ምጥ ላይ ያለችን ጥሎ መሄድ ነውር ነውና እግሯ እምቢ አለ። ቁጭ ብላ አየች። ግልገሎቹ ወጡ። ጅቢቱ ላሰቻቸውና ወደ ጡቷ ገፋቻቸው። ግልገሎቹ ሲጠቡ እንግዴ ልጁ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ወጣ።

አትጠገብ እህቷን አስባ፣ ማንም አልሳበልሽም ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«በምን ይስቡልኛል?» አለች ጅቢት። «እኛ እጅ የለንም። እጅ ስለሌለን ትዕግሥት ተማርን። እናንተ እጅ ስላላችሁ ትጎትታላችሁ። ስሚኝ ልጄ፤ ሕፃኑን ወደ ጡት፣ እናቲቱን ቁጢጥ፣ እጅሽን ወደ ኋላ። ሲወጣም ዘርግተሽ እዪው። ጎደሎ የወጣ እንግዴ ልጅ አልወጣም ማለት ነው።»

አትጠገብ ደጋግማ አጠናችው። ሕፃኑን ወደ ጡት፣ እናቲቱን ቁጢጥ፣ እጅሽን ወደ ኋላ። ከዳዊቱ ቀጥሎ በቃሏ የያዘችው ነገር ይህ ነበር።

ልትሄድ ስትነሣ ጅቢት ጠራቻት። በነፃ የሚያስተምር ሞኝ ነው አለቻት። አድገሽ አዋላጅ ስትሆኚ ከምታዋልጅበት ቤት ሁሉ እንግዴ ልጁን ለእኔ ታመጫለሽ። አትጠገብ ደነገጠች፤ እኛ እንቀብረዋለን እንጂ እንዴት ተደርጎ አለች።

«ለምስጥ ትሰጡታላችሁ» አለች ጅቢት። «ምስጥ ምን አስተማራችሁ?»

አትጠገብ እሺ ብላ ቃል ገባች።

አትጠገብ አድጋ አዋላጅ ስትሆን ቃሏን ጠበቀች። እትብቱን በእውነት ትቀብራለች። እንግዴ ልጁን ግን በቅርጫት ደብቃ ገደል አፋፍ ታደርስና፣ በእሱ ፋንታ አንዲት ትንሽ ዱባ በኮባ ጠቅልላ ሰው እያየ ትቀብራለች። ዳዊት የደገመች ሴት፣ የተቀበረ ዱባ እንደሚበቅል አላሰበችም። በየትኛውም መዝሙር አልተጻፈማ።

ጅቢትም ዝም ብላ አትበላም ነበር። መጀመሪያ ታሸታለች፣ ቀጥላ ታገላብጣለች። አንድ ቀን አፍንጫዋን ነፋችና «ይህ ከዳር ተቦጭቋል፤ ሩጪ» አለቻት። አትጠገብ ሮጣ ደረሰች። አራሷ እውነትም ደም ሊጨርሳት ነበር። ሕፃኑን መልሳ ጡት አስያዘች፣ ሆዷን አሸች፣ የቀረው ቁራጭ ወጣ፣ ሴቲቱ ተረፈች። ሰዉ ተመልሳ የመጣችው መልአክ ነግሯት ነው አለ። አትጠገብ መሬት መሬቱን አየች።

በዚያ አገር ሰው ከጅብ ጋር ተነጋገረ ማለት ቡዳ ነው ማለት ነው። ቡዳ የተባለ ሰው እሳት አይጫርለትም፤ ልጆቹን የሚያገባ የለም፤ ሲብስም በድንጋይ ይባረራል። አትጠገብ ሴቶች ልጆች ነበሯት። ስለዚህ ምስጢሯን በሆዷ ይዛ ፀጉሯ ገብስማ ሆነ።

አንድ ቀን የአገሩ ንግሥት ምጥ ያዛት። ንጉሡ፣ አንድ አዋላጅ ደግ ከሆነች ሦስቱ ሦስት ጊዜ ደግ ናቸው ብለው ሦስቱንም አስጠሩ። ሦስቱ አዋላጆች በአንድ ክፍል ሲገኙ የመጀመሪያቸው ነበር። አንዷ የሌላዋን ዘዴ እንዳታይባት እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይሠሩ ጀመር። ልጁን ማን እንደተቀበለው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ብቻ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ እልልታው ቀለጠ።

እልልታው ሳያልቅ አጋፋሪው ገብቶ ሕፃኑን በከፋይ ጨርቅ ትራስ ላይ አድርጎ ወሰደው። የቤተ መንግሥቱ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ አልጋ ወራሽ መኳንንቱ ሁሉ በየማዕረጋቸው እጅ ሳይነሡት ጡት አይቀምስም። መኳንንቱ ተሰለፉ። ማን እንደሚቀድም ተጣሉ። ሕፃኑ ከጭን ወደ ጭን እየተላለፈ ያለቅሳል። መኳንንቱም የድምፁን ግርማ ያደንቃሉ።

በጓዳ ግን እንግዴ ልጁ ዘገየ። ንግሥቲቱ ፊቷ እንደ አመድ ሆነ።

ንጉሡ ከመጋረጃው ውጪ ቆመው ዘዴ ያላት ትናገር አሉ። እሜቴ ብርቄ ወጡ። በቤቱ ያለ ቋጠሮና ቁልፍ ሁሉ ይፈታ፤ ሲፈታ ይፈታል አሉ።

በዚያ ችሎት ደግሞ አንድ ሕግ ነበር፤ መድኃኒት ያለ መምህሩ አይነካም። ንጉሡ «ከማን ተማርሽ?» ብለው ጠየቁ።

«ከእናቴ። እናቴ ከእናቷ። እንዲህ እያለ እስከ ሔዋን» አሉ እሜቴ ብርቄ።

በጎ መምህር ነው ተባለ። ግን ንጉሥ በቤቱ ብቻ አያዝም፤ አገሩ ሁሉ ቤቱ ነው። ነጋሪት ተጎሰመ። በአገሩ ያለ ቋጠሮ ሁሉ ይፈታ፣ የተቆለፈ ሁሉ ይከፈት ተባለ። በሬዎች ከቀንበር ተፈቱ፤ በሰው ማሳ ገቡ። የአህያ ጭነት ተፈታ፤ በርበሬው ጥጡ ላይ ፈሰሰ። የጎጆ ጣራ ማሰሪያው ተፈትቶ ቤት ቁጢጥ አለ። ወህኒ ተከፈተ፤ እስረኞቹ ግን ግርግሩን ፈርተው አንወጣም አሉ። የቤተ መንግሥቱ በር ሁሉ ወለል ብሎ ተከፈተ። ወታደሮች የሱሪ ማሰሪያቸው ተፈትቶ፣ በአንድ እጅ ጦር፣ በአንድ እጅ ሱሪ ይዘው ቆሙ።

እንግዴ ልጁ አልወጣም።

አትጠገብ አፏን ከፈተች። «ከማን ተማርሽ?» የሚለው ጥያቄ ትዝ አላት። አፏን ዘጋች።

እሜቴ ሽታዬ ወጡ። ንግሥቲቱ ቅል ትንፋ፤ በባዶ ቅል ውስጥ አጥብቃ ስትነፋ ሆዷ ይገፋዋል አሉ።

«ከማን ተማርሽ?» አሉ ንጉሡ።

«በሕልሜ የመጣ ባሕታዊ ነው የነገረኝ። ያላመነ ሰው ጉንጩ ያብጣል ብሏል» አሉ እሜቴ ሽታዬ።

ንጉሡ ጉንጫቸውን ዳበሱና አመኑ። ንግሥቲቱ ነፋች። እሷ ብቻዋን ደከመች፤ አገሩ ያግዛት ተባለ። ነጋሪት ተጎሰመ። ቅል ያለው ቅሉን፣ ቅል የሌለው ጋኑን ይነፋ ጀመር። ዳኛው ፍርድ ሲጠየቅ ነፋ። ቄሱም ደብተራውም ጉንጫቸውን ነፍተው ቆሙ። ንቦች መንጋቸው የጠራቸው መስሏቸው ከየቀፏቸው ወጥተው በመኳንንቱ ጢም ሰፈሩ። ወታደሮች አንዱ እጃቸው በሱሪ፣ አንዱ እጃቸው በቅል ስለተያዘ ጦራቸውን ጣሉ።

እንግዴ ልጁ አልወጣም።

አትጠገብ አፏን ከፈተች። ልጆቿ ትዝ አሏት። አፏን ዘጋች።

ይሄኔ የንጉሡ ፈረሶችና በቅሎዎች ሹም ባልደራስ ጎንጤ ወደፊት መጣ። ጎንጤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ከትከሻው የሰፋ ነው። ሴቶቹ ሥራ አያውቁም አለ። የማይወጣ ነገር ይጎተታል። እትብቱ በመጫኛ ታስሮ አሥር ጎበዝ ይሳበው አለ።

«ከማን ተማርህ?» አሉ ንጉሡ።

«ከበቅሎ፣ ጃንሆይ። ማጥ የገባችን በቅሎ ስጎትት ነው ያደግሁት።»

ንጉሡ አመነቱ። ግን ደሙ አይቆምም፤ ሌላ የሚናገርም የለም። ይሁን አሉ። አሥር ጎበዞች ሱሪያቸውን በጥርሳቸው ይዘው መጫኛውን ጨበጡ። ነገር ግን ገመዱን ለማሰር ቋጠሮ ያስፈልጋል፤ ቋጠሮ ደግሞ በአዋጅ ተከልክሏል። ለአንዲት ቋጠሮ ፈቃድ ይሰጥ አይሰጥ በሚለው መማክርቱ ክርክር ገጠሙ። ክርክሩም ቅል እየነፉ ስለሆነ ቶሎ አላለቀም።

በጓዳ ንግሥቲቱ የአትጠገብን ቀሚስ ጫፍ ያዘች።

«እጅሽ ይሞቃል» አለቻት፤ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። «አትልቀቂኝ።»

አትጠገብ የንግሥቲቱን ፊት አየች። የእህቷን ፊት አየች። ከውጪ ጎንጤ ገመዱን ስሞ «በስመ አብ» ሲል ሰማች። አፏን ከፈተች። ጥያቄው ትዝ አላት። ልጆቿ ትዝ አሏት። በዚህ ጊዜ ግን አፏን አልዘጋችም። ተነሥታ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ጃንሆይ፣ ገመዱ ይቁም» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «የተጎተተ እንግዴ ልጅ እናቲቱን ይዟት ይሄዳል። ሕፃኑን ወደ ጡት፣ እናቲቱን ቁጢጥ፣ እጅ ወደ ኋላ። ይኸው ነው።»

«ከማን ተማርሽ?» አሉ ንጉሡ።

ቅል የሚነፋው ሁሉ ለመስማት ቅሉን ከአፉ አነሣ።

«ከጅብ» አለች አትጠገብ።

ከኋላ አንድ ሰው «ቡዳ» አለ። ወዲያው ሁሉም ቡዳ ቡዳ ተባባለ። ወታደሮቹ ሊያማትቡ እጃቸውን ሲያነሡ ሱሪያቸው ወደቀ። እሜቴ ብርቄና እሜቴ ሽታዬ በሁለት በኩል ሸሿት። ጎንጤ ሳቀ። ዳዊት የደገመችው ሴት የአውሬ ተማሪ ሆና አረፈችው፤ ንግሥት በጅብ ምክር ትታከም ወይ እያለ ወዲያ ወዲህ አለ።

አትጠገብ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ልትስብ ነበር። ግን ቃል ከወጣ በኋላ ዓይነ አፋርነት ምን ይጠቅማል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ቀና ብላ የሰው ፊት አየች።

«ጃንሆይ፣ የባልደራስ መምህር በቅሎ ናት» አለች። «በቅሎ ወልዳ አታውቅም። የእኔ መምህር ወልዳለች።»

መማክርቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እውነት ነው፤ አባትሽ ማነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው የምትል እንስሳ ስለ መውለድ ምን ታውቃለች? ንጉሡ ጎንጤን አዩት። ጎንጤ በቅሎዎቹን አንድ በአንድ በሐሳቡ ጠራ፤ የወለደች አጣ።

ንግሥቲቱ ከመጋረጃው ጀርባ የቀራትን ትንፋሽ ሰብስባ ተናገረች።

«በቅሎዋን አስወጡልኝ» አለች። «የጅቧን ተማሪ መልሱልኝ።»

ሕፃኑ ይምጣ ተባለ። ሕፃኑ በአንድ ሽማግሌ ደጃዝማች ጭን ላይ ነበር። ተራ የሚጠብቁት መኳንንት፣ ማዕረጋችን ሊፈርስ ነው ብለው አጉረመረሙ። አትጠገብ ግን ትራሱን ከነሕፃኑ አንሥታ ገባች። ሕፃኑን ወደ ጡት። እየጮኸ የነበረው ልጅ ጡቱን ሲያገኝ ዝም አለ። እናቲቱን ቁጢጥ፤ እሜቴ ብርቄ በአንድ ጎን፣ እሜቴ ሽታዬ በአንድ ጎን ደገፏት። ማንም አላዘዛቸውም፤ እጃቸውን ከነጠላ ማውጣታቸውንም አላወቁም። እጅ ወደ ኋላ። አትጠገብ እጆቿን ከወገቧ ጀርባ አጣምራ ቆመች። ሁለቱ አሮጊቶች ይህን ዘዴ አይተው አያውቁም፤ ምንም አለማድረግ ከሁሉ የከበደ ሥራ መሆኑን ያን ቀን አዩ።

ሕፃኑ ጠባ። ንግሥቲቱ አማጠች። እንግዴ ልጁ በራሱ ጊዜ ወጣ። ደሙም ቀነሰ።

አትጠገብ በኮባ ቅጠል ላይ ዘረጋችው። ዞራ አየችው፣ ገልብጣ አየችው። «ሙሉ ይመስለኛል» አለች። ግን «ይመስለኛል» አራስ አያድንም። ሁልጊዜ ይህን የምታጣራላት ሌላ ነበረች።

ያቺ ሌላ በዚህ ጊዜ በር ላይ ደረሰች። በአዋጁ የተከፈቱትን በሮች ሁሉ አልፋ፣ ሱሪያቸውን የያዙትን ወታደሮች አልፋ፣ ጅቢት እያነከሰች ገባች። አርጅታለች። ወታደሮቹ እንዳይወጓት ጦራቸው መሬት ላይ ነው፤ ጦራቸውን እንዳያነሡ ሱሪያቸው አለ። ጅቢት ንጉሡን አላየችም፣ ዙፋኑን አላየችም። ኮባው ላይ ያለውን ከዳር እስከ ዳር አሸተተች።

«ሙሉ ነው» አለች። ቀጥላም አትጠገብን ገላመጠቻት። «ስንት ዘመን አሳየሁሽ። ዛሬም ዓይንሽን ትተሽ የእኔን አፍንጫ ትጠብቂያለሽ?»

ንጉሡ አለቀሱ፤ ሳቁም። ይህች ናት መምህርሽ ብለው ጠየቁ። አዎን አለች። እንግዲህ ምሬሻለሁ፣ ሂጂ በሰላም አሉ።

አትጠገብ ልትሄድ ተነሣች። መሄድ ትችል ነበር፤ ስለ ዱባ የጠየቃት አልነበረም። ደጃፉን ልታልፍ ስትል ግን ቆመች። ጎደሎ የወጣ አልወጣም ማለት ነው። ተመለሰች።

«ጃንሆይ፣ የቀረ አለ» አለች። እንግዴ ልጆቹ የት እንደሄዱ ተናገረች። በየደጃፉ የተቀበረው ምን እንደሆነ ተናገረች። ስትጨርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ከጅቡ ይልቅ በዱባው የተነሣው ጩኸት ባሰ። አንዱ ይህን ሁሉ ዘመን በተራ አትክልት ስምል ኖርኩ ወይ አለ። አንዷ ለመንታ እኅቴ በዓመት በዓሉ ጠላ ሳፈስላት ነበር አለች። አንድ ጎልማሳ፣ ረሃብ በገባ ዓመት መንታውን ቀቅሎ በልቶ ለዚያ ኀጢአት ንስሐ ሲገባ መኖሩን ተናገረና እፎይ ብሎ ተቀመጠ። ደጅ የቆመው ሕዝብ ግን ድንጋይ ያነሣ ጀመር።

ንጉሡ እጃቸውን አነሡ። ፍርዱ እንዲህ ይሁን አሉ።

«እናቱ በአትጠገብ እጅ ስትወልድ የሞተችበት ሰው መጀመሪያ ይወርውር።»

ሰዉ ዞሮ ተያየ። ድንጋይ የያዘ ሁሉ እናቱን ፈለገ። እናቶች አጠገቡ ቆመው ነበር፤ አንዷማ የልጇን ጆሮ ይዛለች። ድንጋዩ ኮሽ ኮሽ እያለ መሬት ላይ ወደቀ።

ይሄኔ እሜቴ ብርቄ ተቁነጠነጡና ተናገሩ። ቁልፍ ይፈታ የሚሉት ከሔዋን ተምረው አልነበረም። ቁልፉ ሁሉ ሲከፈት የባለቤቲቱ ቅቤ የት እንደተቀመጠ ስለሚያዩ ነው። እሜቴ ሽታዬም ባሕታዊ አላየሁም አሉ። አንድ ጊዜ የአንዲት አራስ አማት አላስወራ ብለው ቢያስቸግሩ አፋቸውን ለማስያዝ ቅል ሰጧቸው። አራሷ ቀምታ ነፋች፤ እንግዴ ልጁም በአጋጣሚ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላውቅም ማለት አፍረው ሲያስነፉ ኖሩ።

ሦስቱም ሴቶች መሬት መሬቱን አዩ። ቀጥሎ ግን ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ሳቁ።

ንጉሡ ፈረዱ። ባልደራስ ጎንጤ በአገሩ የተፈታውን ቋጠሮ ሁሉ፣ ከበሬ ቀንበር እስከ ወታደር ሱሪ፣ ዞሮ እንዲያስር ተላከ። እስከ ዛሬ አልጨረሰም ይባላል፤ መንገድ ላይ ጫማችሁ ቢፈታ እሱ ገና እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። መኳንንቱ ከሕፃን ጡት በፊት ሳይሆን በኋላ እጅ እንዲነሡ ታዘዙ። አዋላጆች ሁሉ እጃቸውን ከነጠላ አውጥተው እንዲሠሩ፣ የሚያውቁትን እንዲነጋገሩ፣ የማያውቁትንም አላውቅም እንዲሉ ተደነገገ። ለአትጠገብ ንጉሡ ካባ ሊሸልሟት ቢሉ ሰው ያየኛል ብላ እምቢ አለች። ልጆቿ ግን በክብር ተዳሩ። ሽማግሌዎቹም መጀመሪያ ዱባውን አላዩም። ያቺ ዱባዋ ደርቆ የቀረችው መልከ መልካም ልጅም በዚያው ሰሞን ተዳረች።

ለጅቢትስ? እንግዴ ልጅ ካሁን ወዲያ ሰዉ እያየው፣ ሙሉነቱ ተረጋግጦ እንዲቀበር ስለተባለ ድርሻዋ ቀረ። ንጉሡ በምትኩ በግ ሊሰጧት ቢሉ፣ በጉን በላችና፣ ተማሪዬ ዓይኗን ከፈተች፤ ከዚህ ወዲያ ደመወዝ አልጠይቅም ብላ ወደ ገደሏ ወረደች። እስከ ዛሬ ግን ልጅ በተወለደበት ቤት አጥር ሥር ጅብ ሲያሸት ይገኛል። ሰው ርቧት ነው ይላል። አይደለም። ሙሉ መሆኑን ልታይ ነው።

ዱባውም አልቀረም። ሰዉ ነገሩን ካወቀ በኋላ እንኳ፣ ልጅ ሲወለድ በደጃፉ ዱባ መትከል አልተወም፤ ለምዶታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አገር «ሙያ በልብ ነው» ያለች አዋላጅ ይሳቅባታል። በፋንታው እንዲህ ይባላል፦ በሆድ የቀረ እንግዴ ልጅ አንዲት እናት ይገድላል፤ በሆድ የቀረ እውቀት መንደር ይጨርሳል።

ተረቴ ይኸው ተወለደ፤ እንግዴ ልጁንም አላስቀረሁም። የእናንተን ተረት አምጡ፤ የእኔን አፍ ደግሞ በዱባ ወጥ አብሱ።